‹‹መርሳት አበዛሁ፤ የትኛው ቫይታሚን ይሻለኛል?››

ጥያቄ፦ ‹‹ዕድሜዬ 43 ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ነው የምውለው። ከአንድ ዓመት ወዲህ መርሳት አብዝቻለሁ። ቁልፍና ስልኬን የት እንዳስቀመጥኩ ይጠፋኛል። የተዋወቅኩትን ሰው ስም ወዲያው እረሳለሁ። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ገብቼ ለምን እንደገባሁ ግራ ይገባኛል። ማታ ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዓት በላይ አልተኛም፤ እሱን ግን ለምጄዋለሁ። አባቴን በ70ዎቹ ዕድሜው የመርሳት በሽታ ይዞት ስለነበር ፈርቻለሁ። ለማስታወስ ይረዳል የተባለ የጊንኮ እንክብል እየወሰድኩ ነው። ስልኬ ላይም የአእምሮ ማሠልጠኛ ጌም እጫወታለሁ። ለውጥ የለም። የተሻለ ቫይታሚን ወይም ጌም አለ? ወይስ እኔም እንደ አባቴ መሆኔ ነው?››

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልነሳ። የዘረዘሩት ነገር የመርሳት በሽታ አጀማመር አይመስልም። በሽታው የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የረሳውን እንዲህ ቆጥሮ አይነግርም፤ ቀድመው የሚያዩት ቤተሰቦቹ ናቸው። በአንድ ወሬ መሃል ያንኑ ጥያቄ ሦስቴ አራቴ ይጠይቃል፣ መጠየቁን ግን አያውቅም። ለዓመታት በተመላለሰበት መንገድ ይጠፋል። ዕድሜውን ሲሠራው የኖረው ሥራ ቅደም ተከተሉ ይምታታበታል። የእርስዎ ግን ስም፣ ቁልፍና ስልክ ነው። ስልኩ ሲገኝም ‹‹ለካ እዚህ ጣል አድርጌው ነበር›› ብለው ያልፋሉ ብዬ እገምታለሁ።

ዕድሜዎም ያግዘኛል። የመርሳት በሽታ በአብዛኛው ከ65 ዓመት በኋላ የሚመጣ ነው። ወላጅን በ70ዎቹ መያዙ የልጅን ተጋላጭነት በመጠኑ ከፍ ያደርጋል፤ ከዚያ አያልፍም። መታመምን አይቀሬ የሚያደርግ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ የዘረ መል ለውጥ መኖሩ እውነት ነው። ግን ዋነኛው የመርሳት በሽታ ዓይነት ከሆነው ከአልዛይመር ሕሙማን መካከል እንዲህ ዓይነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሲመጣም ብዙ ጊዜ ከ65 ዓመት በፊት ነው። የአባትዎ ከዚህ ወገን አይመስልም።

እንግዲህ ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ተቀላቅለዋል። አንዱ ዛሬ የሚረሱት ነገር ነው። ሌላው ከ30 ዓመት በኋላ ይመጣብኛል ብለው የሚፈሩት በሽታ ነው። የሁለቱ ምክንያት ይለያያል፤ መፍትሔያቸውም በከፊል ብቻ ነው የሚገናኘው። እንክብል ሻጮች ገበያቸው የሚደራው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ከዛሬው እንጀምር። ሰው ‹‹የማስታወስ ችሎታዬ ደከመ›› ሲል ማስታወስን አንድ ነጠላ ችሎታ አድርጎ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ሄንሪ ሞሌሰን የተባለው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ከባድ የሚጥል በሽታ ስለነበረበት አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በግራም በቀኝም ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል አብዛኛው ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መያዝ አቃተው። ለዓመታት ያጠናችውን ተመራማሪ ባገኛት ቁጥር እንደ አዲስ ይተዋወቃት ነበር። የልጅነቱን ነገር ግን ያወራል። ይበልጥ የሚገርመው ሌላ ነው። በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ቅርጽ እንዲስል ሲያለማምዱት እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ፤ እሱ ግን ከዚህ በፊት ሞክሮት እንደሚያውቅ ምንም ትዝ አይለውም። አዲስ ክስተት መያዝ፣ የድሮውን ማውጣትና እጅን ማሠልጠን ለየብቻ የሚሠሩ ናቸው ማለት ነው።

የጌሙ ጥያቄ መልስ እዚህ ውስጥ አለ። ‹‹አእምሮ በምንም ይሁን በምን ካሠሩት ይጠነክራል›› የሚለው አባባል ለጆሮ ደስ ይላል። ነገር ግን ጌም ሲለማመዱ በዋናነት የሚጎብዙት በዚያው በጌሙ ነው። ነጥብዎ ይጨምራል፤ የሰው ስም እንደ ድሮው ይጠፋል። ሉሞሲቲ የተባለው ታዋቂ አፕ ባለቤት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የተከሰሰው ጌሞቹ ከዕድሜ ጋር የሚመጣን መርሳት ይከላከላሉ እያለ ያለ በቂ ማስረጃ በማስተዋወቁ ነበር። ጌሙ የሚያዝናናዎ ከሆነ ይጫወቱ፤ ክልክል አይደለም። መድኃኒት ነው ብለው ግን አይቁጠሩት፤ በተለይ የመኝታ ሰዓትዎን እየበላብዎ ከሆነ።

አሁን ወደ ቁልፉ። አንድ ነገር እንዲታወስ መጀመሪያ መግባት አለበት። ከዚያ መቀመጥ አለበት። በመጨረሻም ሲፈለግ መውጣት አለበት። የእርስዎ ችግር በአብዛኛው የመጀመሪያው ላይ ነው። ስልክ እያወሩ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲያደርጉ አንጎልዎ ያንን አልመዘገበም። ስለዚህ በኋላ የሚፈልጉት ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ባዶ ወረቀት ላይ ጽሑፍ እንደመፈለግ ነው። የሰው ስምም እንዲሁ ነው። ሲተዋወቁ እርስዎ የሚያስቡት ‹‹እኔ ምን ልበል?›› የሚለውን ነው፤ ስሙ በጆሮ በኩል ሽው ብሎ ያልፋል። ሰው በአንድ ጊዜ በሐሳቡ አንጠልጥሎ መያዝ የሚችለው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው። ኢሜይል፣ የስልክ መልእክት፣ ያልተቋጨ ሥራና የልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ ካሉ ቦታው ሞልቷል። ክፍል ገብተው ለምን እንደገቡ የሚጠፋዎትም ለዚህ ነው፤ በር አልፈው አዲስ ነገር ሲያዩ ያሰቡት ነገር በሌላ ይተካል። ይሄ በ20 ዓመት ወጣትም ላይ ይደርሳል። እሱ ግን ስቆ ያልፈዋል እንጂ አይፈራም።

ዋናው ጉዳይ ግን እርስዎ ‹‹ለምጄዋለሁ›› ብለው በአንድ ቃል ያለፉት እንቅልፍ ነው። ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን ለ14 ቀን በየሌሊቱ አራት ወይም ስድስት ሰዓት ብቻ አስተኝቶ ትኩረታቸውንና ሐሳብ የመያዝ አቅማቸውን ለካ። ውጤታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄደ። የስድስት ሰዓቶቹም አልተረፉም። የድካም ስሜታቸው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ብዙም አልጨመረም። ራሳቸውን ሲገምቱ ደህና ነን ባዮች ነበሩ። ሰው እንቅልፍ ማጣትን ለመደ ሲባል የለመደው ስሜቱን ነው። ጉድለቱ እዚያው አለ።

እንቅልፍ ማጣት የሚጎዳው ደግሞ በሁለት በኩል ነው። ቀን ትኩረትዎን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነገሩ መጀመሪያውኑ አይገባም። ሌሊት ደግሞ የገባውን እንዳይቀመጥ ያደርጋል። በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ሂፖካምፐስ የቀኑን ነገር መልሶ እየከለሰ ወደ ሌሎች የአንጎል ክፍሎች ያሸጋግራል። ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ በብዛት የሚመጣው ወደ ንጋት አካባቢ ነው። አምሽተው ተኝተው በማለዳ የሚነሱ ከሆነ የሚቆረጠው ይሄኛው ነው። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው።

እንዴት ይተኛ? የመነሻ ሰዓትዎን በዓል ሆነ ሥራ አንድ ያድርጉት፤ ከመኝታ ሰዓት ይልቅ ሰውነትን ሥርዓት የሚያስይዘው እሱ ነው። ካፌይን ከገባ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ቡናውን ከሰዓት በፊት ይጨርሱ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል። ስልኩ ከአልጋው አጠገብ ባይሆን ይመረጣል፤ የማንቂያ ሰዓት ለብቻው መግዛት ይቻላል። ሰባት ሰዓት ተኝተውም ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ፣ ወይም ጎንዎ የሚተኛ ሰው ያንኮራፋሉ፣ ትንፋሽዎ ይቆራረጣል ካለ ነገሩ ሌላ ነው። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚያቋርጥ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ፤ ሕክምና አለው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ። እንቅልፍ አልወስድ ሲል በራስ መንገድ ኪኒን መዋጥ ነገሩን ያባብሳል። ዳያዜፓምና የእሱ ወገኖች ራሳቸው ማስታወስን ያዳክማሉ። ዳይፈንሃይድራሚን ያለባቸው የአለርጂና የእንቅልፍ ኪኒኖችም ለማስታወስ የሚያስፈልግ አንድ የአንጎል ኬሚካል ሥራውን እንዳይሠራ ይከለክላሉ። ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ ሲወስዱ ከቆዩ ግን በድንገት አያቁሙት። የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው የሚቀነሰው።

እንክብሉስ? ጊንኮ ብዙ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎችን አሳትፎ ለዓመታት ተከታትሏል። ጊንኮ የወሰዱትና ባዶ ኪኒን የወሰዱት በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው አልተለያየም። ባይጠቅምም ምን ይጎዳል የሚሉ አሉ። ደም ከሚያቀጥኑት ከአስፒሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ከተወሰደ ግን ደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል። ገንዘብዎም ይባክናል።

ቫይታሚንን በተመለከተ ትክክለኛው ጥያቄ ‹‹የትኛው ይሻላል?›› ሳይሆን ‹‹የጎደለኝ አለ?›› የሚለው ነው። የቢ12 እጥረት በእርግጥ መርሳትን ያመጣል። የሚያጋጥመውም ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጭራሽ የማይበላ ሰው፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞልን ያለ ማቋረጥ የሚወስድ፣ ጨጓራው ላይ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ላይ ነው። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ በመድኃኒት ይተካል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ ይሻላቸዋል፤ በተለይ ሳይቆይ ከተደረሰበት። እጥረት በሌለበት ግን መጨመሩ ማስታወስን አያሻሽልም። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝም እንዲሁ ያደነዝዛል፤ እሱም በደም ምርመራ ይገኛል። ድብርትና የማያቋርጥ ጭንቀት ደግሞ በምርመራ ወረቀት ላይ ስለማይወጡ ይረሳሉ። በ40ዎቹ ዕድሜ ‹‹መርሳት አበዛሁ›› ብለው ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ ላይ ከጀርባ ያለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ጾታዎን አልጻፉም። ሴት ከሆኑና የወር አበባ መዛባት ጀምሮ ከሆነ፣ በዚህ የሽግግር ጊዜ የሐሳብ መበታተን የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ሲባል ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ። እርስዎን ቅር አይበልዎ። ደህና መሆኑ ራሱ መልስ ነው።

ማስታወስን በቀጥታ የሚረዱ ልማዶች አሉ፤ አንድም ሳንቲም አይጠይቁም። ለቁልፍና ለስልክ አንድ ቋሚ ቦታ ይስጡ፤ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ‹‹ቁልፉን መስኮቱ ላይ አደረግኩ›› ብለው ድምፅ አውጥተው ይናገሩ። ያስቃል፤ ግን ይሠራል። ለስም ደግሞ የተዋወቁትን ሰው በስሙ ጠርተው አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ ከደቂቃ በኋላ በልብዎ ይጥሩት፣ ሲለያዩም ይጥሩት። የሚረዳው መስማቱ ሳይሆን ራስዎ ፈልገው ማውጣትዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በተማሪዎች አሳይተዋል። ጽሑፉን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ መለሱ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት፣ አንብበው ሲያበቁ ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ለሥራዎም ይሆናል። ሪፖርት አንብበው ሲጨርሱ መልሰው ከማንበብ ይልቅ ይዝጉትና ዋናውን ነገር በሦስት መስመር ይጻፉ። ነገም አንዴ፣ ከሳምንት በኋላም አንዴ ያስታውሱት። አራርቆ መከለስ በአንድ ቀን ከመደጋገም እንደሚሻል ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ካወጣው ጥናት ጀምሮ የታወቀ ነው።

ለቀጠሮና ለጉዳይ ማስታወሻ መጠቀምን እንደ ድክመት የሚያዩ አሉ። እኔ አላይም። ያቺ አራት ነገር ብቻ የምትይዝ ቦታ ‹‹ነገ የመብራት ይከፈል›› በሚል ሐሳብ ለምን ትያዛለች? ይጻፉትና ይልቀቁት። ሁለት ሥራ ባንዴ የመሥራት ልማድን ግን ይቀንሱ። ስብሰባ ላይ ሆኖ መልእክት የሚመልስ ሰው ስብሰባውን በኋላ አያስታውሰውም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ሩቁ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ባወጣው ሪፖርት 14 ሊለወጡ የሚችሉ አጋላጭ ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ሁሉም ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። በእርስዎ ዕድሜ በጣም የሚመለከቱት የደም ግፊት፣ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ የበዛ አልኮል፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ ድብርት፣ የጭንቅላት ጉዳትና የመስማት ችግር ናቸው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ሕዝብ ነው፤ ለአንድ ሰው ዋስትና አይሰጥም። ሁሉን አሟልቶም የሚታመም አለ። ግማሽ የሚሆነው ምክንያት ከእጃችን ውጪ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የደም ግፊትን እመርጣለሁ። አያምም፣ አይታይም፣ ለዓመታት ግን ወደ አንጎል የሚሄዱትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣ፣ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ የአሜሪካ ጥናት የላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ማውረድን ከ140 በታች ከማውረድ ጋር አነጻጸረ። ወደ 120 የወረዱት ላይ ከመርሳት በሽታ በፊት የሚታየው ቀለል ያለ የአእምሮ መዳከም ቀንሶ ተገኘ። በራሱ በመርሳት በሽታ ላይ ያለው ልዩነት ግን እርግጠኛ ለመሆን አልበቃም። ለእርስዎ ስንት ላይ ይሁን የሚለውን ሐኪምዎ ይወስን። መጀመሪያ ግን መለካት አለበት። 43 ዓመት ሞልቶት የደም ግፊቱን የማያውቅ ሰው ስለ ቫይታሚን ሲጨነቅ ማየት ያናድደኛል።

ከዚያ ቀጥሎ እንቅስቃሴ። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 120 አረጋውያን ተከፍለው አንዱ ወገን ለአንድ ዓመት በሳምንት ሦስት ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ ተራመደ፤ ሌላው ሰውነት ማፍታታት ብቻ ሠራ። የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ በ2 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የሌሎቹ በጥቂቱ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ጥናቶች ይህንኑ ያገኙት ሁሉም አይደሉም፤ እንቅስቃሴ ግፊትን፣ ስኳርን፣ ድብርትንና እንቅልፍን እንደሚያሻሽል ግን የሚጠራጠር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው። ሲራመዱ ማውራት ችለው መዝፈን ካቃተዎት ፍጥነቱ ልክ ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አልልም። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬና ዓሣ ለደም ሥር ጥሩ ናቸው፤ ለደም ሥር ጥሩ የሆነ ለአንጎልም ጥሩ ነው። ጨው ይቀነስ። ‹‹የአእምሮ ምግብ›› የሚባል ተአምረኛ ነገር ግን የለም።

የመስማት ነገር ብዙ ሰው አይጠረጥረውም። ጆሮው የደከመ ሰው የተባለውን ለመረዳት ብዙ ትኩረት ያጠፋል፤ ለመያዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከሰው መራቅም ይጀምራል፤ ከሰው መነጠል ራሱ ከ14ቱ አጋላጭ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሰዎችን ‹‹ምን አልክ?›› ማለት አብዝተው ከሆነ ጆሮዎን ያስመርምሩ።

ምክሬ ይሄ ነው። ጊንኮውን ያቁሙ። በዚህ ሳምንት የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ቢ12ና ታይሮይድም በደም ይታዩ። ከዛሬ ጀምሮ ለስምንት ሳምንት ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይተኙ፤ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ይተዉት። ባንዴ አሥር ልማድ የሚጀምር ሰው በሦስተኛው ሳምንት አንዱም አይኖረውም።

ስምንት ሳምንት ተኝተውም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም መርሳቱ ከወር ወር ከባሰ፣ ወይም ሌሎች ሰዎች እያስተዋሉት ከመጡ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። መርሳቱ በድንገት ከመጣ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ወይም ጭንቅላትዎን ከተመቱ በኋላ ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የነርቭ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄዱ ከእርስዎ ጋር የሚኖር አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የገዟቸውን ጨምሮ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው ያሳዩ።